ሚያታው ጠቅ ይላል፣ አይነሳም

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ወሬው ስለ መኪናዬ ነው፣ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ። ማዝዳ ሚያታ፣ የ1993፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ማንዋል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው። ሜሪላንድ ነው ያለችው። ችግሯ ይሄ ነው፤ ቁልፉን ታዞራለህ፣ "ጠቅ" ትላለች፣ ከዚያ ጸጥ። ትንሽ ቆይተህ ስትሞክራት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆና ትነሳለች።

እሷ፦ ይሄ "ትንሽ ቆይቶ" የሚባለው ነው ሰውን የሚያሳብደው። አንዴ ጨርሶ ቢበላሽ ይሻል ነበር።

እሱ፦ ምክር ግን አልጎደለኝም። አንዱ ባትሪ ቀይር ይላል፣ ሌላው ሞተሪኖው፣ ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ አልቆለታል ይላል፣ ሦስተኛው ሽጣትና ካምሪ ግዛ ይላል።

እሷ፦ ሦስተኛው አጎትህ መሆን አለባቸው።

እሱ፦ ናቸው እንጂ! (ሳቅ)

እሷ፦ እሳቸውን ተዋቸው፣ የሁለቱ ምክር ግን ያው የተለመደው ነው፤ ሳይለኩ ዕቃ መቀየር። ባትሪ ትገዛለህ፣ አይነሳም። ሞተሪኖ ትገዛለህ፣ አሁንም አይነሳም። በመጨረሻ የላላ ብሎን ሆኖ ይገኛል። አሮጌ መኪና ላይ የኤሌትሪክ ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዕቃውን ሳይሆን መገናኛውን ነው። ሽቦ ከሽቦ፣ ሽቦ ከቦዲ የሚገናኝበትን ቦታ።

እሱ፦ ወደዚያ እንመጣለን። መጀመሪያ መኪናዋን ለማያውቃት ሰው ላስተዋውቅ።

እሷ፦ አሳጥረው፣ አንተ ስለ ሚያታ ከጀመርክ አንላቀቅም።

እሱ፦ ባጭሩ። በ1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው የወጣችው። ሁለት ወንበር፣ የሚከፈት ጣሪያ፣ ሞተር ከፊት፣ ግፊቱ በኋላ ጎማ። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ ነው። ብቅ እያሉ የሚነሱት የፊት መብራቶች ያሉት የመጀመሪያው ትውልድ ነው፣ እሱም እስከ 1997 ብቻ። በ2016 ደግሞ ከሁሉም ትውልድ ተደምሮ አንድ ሚሊዮነኛዋ ተመርታለች። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ሽቦዋ ቀላል መሆኑ ነው። እንደ አዲሶቹ መኪኖች በየበሩና በየወንበሩ ኮምፒውተር የለባትም።

እሷ፦ እሱ ነው ትልቁ ነገር። አዲስ ስፖርት መኪና ላይ በር ስትከፍት ብቻ ስንት ኮምፒውተር ይነቃል። እዚህ ግን አንድ ቴስተር (የኤሌትሪክ መለኪያ)፣ የ10 ቁልፍና ትዕግስት ካለህ በቂ ነው። በዚያ ላይ እዚህ አካባቢ ብዙ ጋራዥ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ነው የሚያስከፍለው፣ የሚመጣና የሚሄድ ችግር ይዘህለት ስትሄድ ደግሞ ሰዓቱ የሚቆጥረው ላንተ አይደለም።

እሱ፦ እሺ ጀመርን። ባትሪውን ልለካ ኮፈኑን ስከፍት ባትሪ የለም።

እሷ፦ (ሳቅ) ኋላ ነዋ! የኋላው ኮፈን ውስጥ፣ በቀኝ በኩል። ክብደቱን ከፊትና ከኋላ ለማመጣጠን ብለው ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፣ ቀልድ አይደለም። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ሊወጣው ይችላል። ከፊት ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል፣ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ስለዚህ የሚያታ ባትሪ ጋዙን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ዓይነት መሆን አለበት። ርካሽ ነው ብለህ ያገኘኸውን ባትሪ እዚያ አትክተት።

እሱ፦ ሲፈታስ?

እሷ፦ ኔጌቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ ሲታሰር መጨረሻ ይታሰራል። ፖዘቲቩን ቀድመህ ስትፈታ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ብልጭታው ዓይንህን ነው የሚያጠፋው። የጋብቻ ቀለበትህንም አውልቅ፣ ወርቅ ኤሌትሪክ በደንብ ነው የሚያስተላልፈው።

እሱ፦ ሚስቴ ይሄን ክፍል ትሰማው። ባትሪውን ስለካው 12.6 ቮልት ነው።

እሷ፦ ሙሉ ነው ማለት ነው። 12.2 አካባቢ ቢሆን ግማሽ፣ 12 ቢሆን አልቋል ማለት ይቻላል። ግን ይሄ መኪናው ተኝቶ እያለ ነው፣ ብዙም አይነግርህም። ቁልፉን ስታዞርስ?

እሱ፦ ጠቅ ስትል 11.8።

እሷ፦ ይኸውልህ! የአጎትህ ባትሪ... ይቅርታ፣ ያኛው ወዳጅህ የጠረጠረው ባትሪ ነጻ ወጣ። ባትሪው ደካማ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ወደ 8፣ ወደ 6 ይወርድ ነበር። ጤነኛ መኪና ሞተሩ ሲዞር ራሱ ከ12 በታች ይወርዳል፣ ከ9.6 በታች አይውረድ ነው ሕጉ። ያንተ 11.8 ላይ ቆመ፤ ባትሪው መስጠት ይችላል፣ ኤሌትሪኩ ግን የሆነ ቦታ መንገድ ተዘግቶበታል። ጥያቄው የት ነው የሚለው ነው።

እሱ፦ እኔ እዚህ ጋ ነው ሽቦዎቹን በኦም፣ ማለትም ኤሌትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግዱ፣ መለካት የጀመርኩት፣ ሁሉም ዜሮ። ደህና ናቸው አልኩ።

እሷ፦ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ ትንሽ እንቆይበት። ቴስተሩ ኦም ሲለካ የሚልከው ኤሌትሪክ ኢምንት ነው። ገመዱ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን ሽቦዎች አንዷ ብቻ ሳትበጠስ ብትቀር እንኳ "ዜሮ፣ ደህና ነው" ይልሃል። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ሊፈልግ ይችላል። የሰርግ ቤት በር አስብ፤ አንድ ሰው ሲገባ በሩ ጠባብ መሆኑ አይታወቅም፣ 150 እንግዳ አንዴ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው። ሂሳቡም ቀላል ነው። 0.01 ኦም የምትሆን ዝገት፣ ተራ ቴስተር እንኳ በቅጡ የማያያት፣ በ150 አምፔር 1.5 ቮልት ትበላለች።

እሱ፦ ስለዚህ ሥራ ላይ እያለ ነው የሚለካው።

እሷ፦ አዎ፣ የሚጠፋውን ቮልት ነው የምትለካው። ቴስተሩን ቮልት ላይ ታደርጋለህ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ የባትሪው ራስ ላይ ነው የምልህ፣ እሱ ላይ የታሰረው የገመዱ ማያዣ፣ ሞርሴቶው ላይ አይደለም። ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ቀለም የሌለው ብረት ላይ። ከዚያ ሰው ቁልፉን ያዙርልህ። እዚህ አገር የተሸጡት ሚያታዎች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ሞተሪኖው አይሠራም፣ ያንን ንገረው። መኪናው እንዳይነሳ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን የኮይሉን ሶኬት ንቀል። ደህና ከሆነ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ታያለህ።

እሱ፦ የኔው ከ7 በላይ ነው የነበረው።

እሷ፦ 7 ቮልት! ከባትሪው ከግማሽ በላይ ማለት እኮ ነው፣ ማሳው ላይ፣ ኤሌትሪኩ ወደ ባትሪው በሚመለስበት መንገድ ላይ ብቻ።

እሱ፦ ባትሪው ኋላ ሞተሩ ፊት ስለሆነ የቴስተሩ ሽቦ አልደርስ ብሎኝ ነበር። ረዥም ሽቦ ቀጠልኩበት።

እሷ፦ ምንም ችግር የለውም፣ ቮልት ስትለካ የሽቦው ርዝመት አያዛባም። ከዚያስ መንገዱን ከፋፈልከው?

እሱ፦ ከባትሪ ኔጌቲቭ እስከ ቦዲ፣ ምንም። ከቦዲ እስከ ሞተር፣ 7ቱ ሁሉ እዚያ።

እሷ፦ አለቀ። ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኘው ገመድ ነው። ሞተሩ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ጎማ ደግሞ ኤሌትሪክ አያሳልፍም፣ ያ ገመድ ከሌለ ሞተሩ ለብቻው ነው ማለት ነው። የሚመጣና የሚሄደውም ለዚህ ነው። ሞተሩ ሲነቃነቅ፣ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ ዝገቱ አንዴ ይነካካል፣ አንዴ ይለያያል። በነገራችን ላይ ገመዱ ጨርሶ ሲበጠስ ኤሌትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የነዳጅ መስጫው ገመድ ግሎ ሲጨስ ካየህ ምክንያቱ ይሄ ሊሆን ይችላል።

እሱ፦ ለማረጋገጥ የነገርሽኝን ሠራሁ። አንድ የባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱ ጫፍ ባዶ የቦዲ ብረት ላይ። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው!

እሷ፦ ሞተሪኖ ቀይር ያለው ሰውዬ ይሄኔ የት ነበር? ሚያታ ላይ ሞተሪኖው ያለው ለሞተሩ አየር ከሚያስገባው ከኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር ነው፣ እጅህ እስኪላጥ ነው የምትፈታው። ለምንም!

እሱ፦ ገመዱን ስፈታው ብሎኑ ሥር አረንጓዴና ነጭ ዱቄት። የዚህ አገር የክረምት ጨው።

እሷ፦ ጨውማ ጠላት ነው። በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈግፍግ፣ ሁለቱንም ፊት፣ ገመዱንም ቦዲውንም። ጥብቅ አድርገህ እሰር። ቅባቱን ከታሰረ በኋላ ከላይ ቀባው፣ እርጥበት እንዳይገባ። ገመዱ ራሱ ውስጡ ከጠቆረ ቀይረው፣ እሱን ማጽዳት አያዋጣም።

እሱ፦ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ኤሌትሪሻኖቹ ቴስተር እንኳ ሳይዙ በአምፖል ነው የሚሠሩት። ሁለት ሽቦና አንድ አምፖል።

እሷ፦ አትናቃቸው! አምፖሉ ራሱ ኤሌትሪክ ይበላል፣ ስለዚህ መንገዱን ይፈትናል። የተበላሸ ሽቦ ላይ ቴስተር 12 ቮልት ብሎ ሲሸነግልህ አምፖሉ ፍዝዝ ብሎ ያጋልጠዋል። ሁለት ቦታ ብቻ እንዳትሞክረው፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ሽቦዎችና የኤርባግ ሽቦ። እዚህ የተሸጠ ሚያታ መሪው ውስጥ ኤርባግ አለው፣ ፊትህ ላይ ይፈነዳል።

እሱ፦ ደህና። ሁለተኛው ችግሬ፣ ከተነሳች በኋላ ሦስት አራት ቀን ሳልነዳት ስቀር ባትሪው ባዶ ነው።

እሷ፦ ዲናሞው እየሞላ ነው?

እሱ፦ ሞተሩ እየሠራ 14.2።

እሷ፦ ደህና ነው። ከ13.8 እስከ 14.5 ባለው ውስጥ ይሁን። ስለዚህ አንድ ነገር ሌሊት ሌሊት እየጠጣ ነው። ኔጌቲቩን ፈትተህ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገህ መካከል ታስገባዋለህ። ያን ጊዜ ቁልፍ እንዳታዞር፣ የቴስተሩ ፊውዝ ነው የሚቃጠለው። ጤነኛ መኪና ከ50 ሚሊ አምፔር በታች ነው የሚወስደው።

እሱ፦ 400።

እሷ፦ በቀን ወደ 10 አምፔር ሰዓት። የሚያታ ባትሪ ትንሽ ነው፣ ሦስት ቀን እንኳ ቢቆይ ጎበዝ ነው። ባለ 5 ዋት አምፖል በርቶ ቢያድር ያንኑ ያህል ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው የትኛው መብራት ሳይጠፋ እንደሚቀር ነው። ከዚያ ፊውዝ በየተራ መንቀል።

እሱ፦ "ሩም" የሚለውን ፊውዝ ስነቅል ወረደ። ሽቦውን ስከተል ከዳሽቦርዱ ሥር የድሮ ባለቤት ያስገጠመው አላርም። ሳይረኑ የለም፣ ሪሞቱ የለም፣ ሳጥኑ ግን በሕይወት አለ።

እሷ፦ በዚያ ሽቦ በሚነክሰው ሰማያዊ ፕላስቲክ ነው የተቀጠለው?

እሱ፦ እንዴት አወቅሽ?

እሷ፦ ሁሌም እሱ ነው! ሽቦውን ግማሹን ቆርጦ ነው የሚይዘው፣ ከዚያ ይዝጋል። በአሮጌ ስፖርት መኪና ውስጥ ፋብሪካው የሠራው ሽቦ እምብዛም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከኋላ የመጣው ነው፤ አላርም፣ ራዲዮ፣ አምፕሊፋየር። አውጣና የተቆረጠውን በደንብ ቀጥለህ ሸፍነው። በባዶ ናስትሮ ጠቅልለህ አትተወው፣ በበጋ ሙጫው ቀልጦ ይፈታል።

እሱ፦ ሦስተኛው መብራቱ ነው። የግራው ዓይን ይነሳል፣ የቀኙ ተኝቶ ይቀራል። ጎረቤቶቼ ጠቀሰችን ይላሉ።

እሷ፦ ቨርጂኒያ ብትሆን በዚያ መብራት ዓመታዊ ምርመራውን አታልፍም ነበር። ለየመብራቱ የራሱ ሞተር አለው፣ ስለዚህ አንዱ ከሠራ ማብሪያውን አትጠርጥር። መጀመሪያ ፊውዙን ንቀል፣ አለዚያ መብራቱ ድንገት ተነስቶ ጣትህን ይቆርጥሃል። ከዚያ ሞተሩ ላይ የላስቲክ ቆብ አለ፣ ሥሩ በእጅ የሚዞር እጀታ አለ፣ እሱን አዙረህ መብራቱን ታነሳዋለህ። መንገድ ላይ ቢገጥምህም ለማታ ያደርስሃል።

እሱ፦ በእጅ ሲዞር ቀላል ነው።

እሷ፦ እንግዲያው አልነከሰም። ሶኬቱን አውጣ፣ ፊውዙን መልስ፣ ሰው ማብሪያውን ሲነካ አምፖልህን ሶኬቱ ላይ ሞክር። ከበራ ሞተሩ ነው። ካልበራ ሽቦው ወይም ሪሌው፣ ማብሪያው ሲነካ ኤሌትሪኩን የሚያገናኘው ዕቃ።

እሱ፦ ፍዝዝ ብሎ በራ።

እሷ፦ ፍዝዝ! እንግዲህ ታውቀዋለህ።

እሱ፦ ሶኬቱ ውስጥ ያው አረንጓዴ ዱቄት። አጽድቼው ተነሳ።

እሷ፦ ሌላ ምን ቀረህ?

እሱ፦ ዘይትና ካንዴላ ሠርቻለሁ፣ እሱ ማንም የሚሠራው ነው። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ስለማላውቅ እቀይረዋለሁ። በየ60 ሺ ማይሉ ነው የሚባለው።

እሷ፦ ቢበጠስም እነዚህ ሞተሮች ቫልቩና ፒስተኑ አይጋጩም፣ መንገድ ላይ ትቆማለህ እንጂ ሞተር አታጣም። ከሥር የምትገባ ከሆነ ግን በክሪክ ብቻ ተማምነህ እንዳትገባ፣ መቆሚያ ብረት አድርግ።

እሱ፦ አንድ የአድማጭ ጥያቄ አለ፣ ከአሌክሳንድሪያ። የፍሬቻ አምፖሎቼን በኤልኢዲ ቀይሬ በጣም ፈጥነው ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ሽቦ ተበላሽቶ ይሆን?

እሷ፦ አልተበላሸም። የድሮው ፍላሸር፣ ፍሬቻውን ብልጭ ብልጭ የሚያደርገው ዕቃ፣ የሚያውቀው የአምፖሉን ጭነት ነው። ኤልኢዲ በጣም ትንሽ ስለሚወስድ አንድ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል፣ ለዚያ ነው የሚፈጥነው። ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ግዛና ቀይር። አንዳንዱ ሰው ሬዚስተር ይጨምራል፣ እኔ አልወደውም፣ በጣም ይግላል፣ ፕላስቲክ ካጠገቡ ካለ ያቀልጠዋል። የድሮ አምፖሎችህን ካልጣልካቸው ደግሞ መልሳቸው፣ ለዚያች መኪና እነሱ ናቸው የሚያምሩት።

እሱ፦ እዚህ ላይ እንኳ አልስማማም፣ ግን ሰዓታችን አልቋል። በሚቀጥለው ቺንጋውን እንፈታለን።