ሰው ያልላከው ቀበሌ

አባቶች፣ ሼኾቻችንና ቄሶቻችን፣ እናቶቼ፣ እናንተም የደሴ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ! ዱአውም ጸሎቱም ደርሷል፣ ቡናውም ፈልቷል።

አዘጋጆቹ ስለ ካቶሊክ ካርዲናሎች፣ የሮሙን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስለሚመርጡት አባቶች፣ አገር በአገር አከፋፈል ንገረን ብለውኛል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ቁጥር ይዤ መጥቻለሁ። ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ሊዮ 14ኛ ሲመረጡ ድምፅ የሰጡት 133 ካርዲናሎች ናቸው። ጣሊያን ብቻዋን 17 ነበራት። መላው አፍሪካም 17። ከዓለም ካቶሊክ አምስት አንዱ አፍሪካዊ ሆኖ ሳለ!

ከ133ቱ አንዱ የእኛው ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ናቸው። ይህን መምህራን ክፍል ስናወራ አንድ ባልደረባዬ "ካቶሊኩ ከመቶ አንድ ለማይሞላ አገር ካርዲናል ምን ያደርግለታል?" አለኝ። ዛሬ የመጣሁት ለዚህ መልስ ልሰጥ ነው።

በ77 ልጅ ነበርኩ። ሰባ ሰባትን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። አባቴ ለእርዳታ እህል ሲሄድ ተከትየው ሄድኩ። ባዶ ጆንያ ይዟል፤ አፉ በቀይ ክር የተጠቀመ፣ የእናቴ ስፌት። ጸሐፊው እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ቀበሌዎችን ይጠራል። የእኛ ሳይጠራ መዝገቡ ተዘጋ። አባቴ ጠጋ ብሎ ጠየቀ። "ዝርዝሩ ሲሠራ ከእናንተ ማን መጣ?" አሉት። ማንም አልሄደም፤ የጠራን አልነበረም። አባቴ ጆንያውን አጥፎ ብብቱ ሥር ከተተ። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣውም።

በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 17 ቀን፣ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ ሮም ላይ ካርዲናል ሆኑ። እሳቸው ካለፉ በኋላ ግን ወንበሩ ባዶውን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2005ም በ2013ም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲመረጥ የእኛ ሰው አልነበረም።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ቤተ ክርስቲያኗ የእኔ አይደለችም፤ ወንበሩ ግን የአገሬ ነው። "ትንሽ ናችሁና ሰው አያስፈልጋችሁም" የሚል ሰው ያቺን ጆንያ አላያትም! ብዙ የሆነውማ ባይጠራም ይሰማል። ሰው መላክ ያለበት ትንሹ ነው! ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ 1,500 ገደማ ካቶሊክ ላላት ሞንጎሊያ ካርዲናል ሲሾሙ ይህ የገባቸው ይመስለኛል። ሹሙ ራሱ ጣሊያናዊ መሆኑ ግን ይከነክነኛል። ከአገሬው ቢሆን ደስ ባለኝ።

የዕድሜውን ነገር ባጭሩ ልበል። ካርዲናል 80 ከሞላው በምርጫው አይገባም። የእኛው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2020 ላይ 80 ይሞላቸዋል። የካቶሊክ ወንድሞቻችን እዚህ አላችሁ። ተተኪ እንዲታሰብ ለሚመለከታቸው አባቶቻችሁ ከአሁኑ ንገሯቸው፤ እንደ እ.ኤ.አ. 2005ቱ ቀኑ ካለፈ በኋላ እንዳይሆን።