ከጭብጨባው በኋላ ማን ያርመን?

የተከበራችሁ የሥነ ጽሑፍ ማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ድረስ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከልብ አመሰግናችኋለሁ። ሊመጡ ተነስተው መንገድ ያስቀራቸውም አሉ። ጽሑፋቸውን በሰው እጅ ልከዋል፤ ዛሬ እዚህ ይነበባል።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በሪፖርት ያቀርቡታል፤ እኔ አልደግመውም። ስለ አንድ ነገር ብቻ ላውራ።

መድረካችን ሞቅ ብሏል። የግጥም ምሽት ሲባል አዳራሹ ይሞላል። ክራርና ዋሽንት ይታከልበታል። ጭብጨባው ይቀልጣል። ይህ በጣም ደስ ይላል፣ ይቀጥልም። ግን ግጥሙን ያነበበው ልጅ ጭብጨባውን ይዞ ቤቱ ይገባል። የትኛው ስንኝ እንደሠራለት፣ የትኛው እንደወደቀበት የነገረው የለም። በሚቀጥለው ወር ያንኑ ዓይነት ግጥም ይዞ ይመጣል። እኛም ያንኑ ጭብጨባ እንሰጠዋለን። ልጁን የወደድነው ይመስለናል እንጂ ብቻውን ትተነዋል።

ጎጃም ውስጥ ሰው ድርሰት የተማረው እየታረመ ነው። የቅኔ ጉባኤ ቤቶቻችንን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን አስቡ። የቅኔ ተማሪ ጥላ ፈልጎ ለብቻው ይቀመጥና ቅኔውን በግእዝ ይቆጥራል፤ በልቡ ይደርሳል ማለት ነው። ጀማሪ ከሆነ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭሩን ቅኔ ነው፤ ሁለት ቤት፣ ሁለት ስንኝ ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ረዘም ወዳሉት የቅኔ ዓይነቶች ያድጋል፤ እስከ መወድስ ይዘልቃል። የቆጠረውን ይዞ ይመጣና ይነግራል። ከእሱ የበረታ ተማሪ አስነጋሪ ሆኖ ይሰማዋል። ግሱን ስቶ ከሆነ እዚያው ይታረማል። ሰምና ወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይፈርሳል። የትናንቱን መድገም ብሎ ነገር የለም፤ በማግስቱ አዲስ መቁጠር አለበት።

እኔን የሚገርመኝ ጀማሪውም መወድስ የደረሰውም በአንድ ጉባኤ ቤት መዋላቸው ነው። ትልቁ ትንሹን እያስነገረ ራሱ ይበስላል። ያ ቤት ለሴት ልጅ በሩ ጠባብ እንደነበር አልክድም። ሆኖም ዓይነ ስውርነት ሳያግዳቸው ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያፈራው ይኸው አገራችን ነው። የእኛ በር ደግሞ ከዚያ የሰፋ መሆን አለበት።

ባለፈው ክረምት ባደረግነው ወርክሾፕ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ስለ እናቱ የጻፈውን አጭር ልቦለድ ይዞ መጣ። መጀመሪያው «ድህነት የተባለው ጨካኝ ጠላት ቤታችንን ወረረው» ይላል። ዝም አልን። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሁላችንም ስንት ጊዜ አንብበናል። ከአባሎቻችን አንዷ፣ መምህርት ናት፣ «ያን ጊዜ ቤታችሁ ውስጥ ምን ነበር?» አለችው። ትንሽ አሰበ። «እንስራ ነበረች» አለ። «አፏ ተሸርፏል። እናቴ የተሸረፈውን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር የምታስቀምጣት፤ እንግዳ እንዳያይባት።» በቃ፣ እዚያ የነበርነው ሁሉ እናቱን አየናት። «እሱን ጻፈው» አለችው መምህርቷ። ጻፈው። ያንን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ አወጣው። ታሪኩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይነበባል።

ለዚህ ገንዘብ አላስፈለገም። አንድ ጥያቄ ነው የለወጠው። ጥያቄውን የምትጠይቅ ሰው ግን እዚያ መኖር ነበረባት።

ግጥም ለሚጽፉት ደግሞ የምጣኔ፣ የስንኝ ልክ ነገር አለ። ብዙ ወጣቶቻችን ቤት ከመታ ግጥም ሆነ ይላሉ። ከግጥም ስልቶቻችን ወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ይዞ እንደሚሄድ፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት እንደሆነ የነገራቸው የለም። ጆሯቸው ግን ያውቀዋል። ቀረርቶና ፉከራ እየሰሙ ነው ያደጉት። ጠረጴዛውን በጣት እየመቱ ስንኙን ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ይበቃል፤ የሚያነክስበት ቦታ ወዲያው ይሰማል። ምጣኔ አፍርሶ መጻፍ የፈለገም መብቱ ነው። አውቆ ያፍርሰው እንጂ።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ለእናንተ ያመጣው ሐሳብ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ የግጥም ምሽት በኋላ ባለው ቅዳሜ የእርማት ጉባኤ ይኑረን። በአንድ ጠረጴዛ ከ10 ሰው አይብለጥ። ጽሑፉ ቀድሞ ፎቶ ኮፒ ይደረግና እያንዳንዱ ሰው ቤቱ አንብቦት ይምጣ። ኔትወርክ ባለበት በቴሌግራም ይላካል፤ በሌለበት በወረቀት፣ በሰው እጅ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምረን በ11 ሰዓት እንጨርሳለን፤ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ ይግባ። ጉባኤው ደብረ ማርቆስ ላይ ብቻ አይቅር። ሁኔታው በፈቀደ መጠን ደጀንም፣ ቢቸናም፣ ቡሬም ይዙር።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ጀማሪን በሰው ፊት ማሸማቀቅ ከመካከላችን ይውጣ። «ይሄ ግጥም አይደለም» ብሎ የሚቀመጥ ሰው አላረመም። የትኛው ስንኝ? ለምን? ምን ቢሆን ይሻላል? ይህን መመለስ የማይችል ዝም ብሎ ይስማ። ከእንስራዋ ወዲያ የተሻለ ምሳሌ የለኝም፤ መምህርቷ ልጁን አልገሠጸችውም፣ ጠየቀችው።

«እኔማ አልፎብኛል፣ ይህ የወጣት ነው» የሚሉኝ አባሎች አሉ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ የዚሁ የጎጃም ልጅ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ዕድሜያቸው 50ን አልፎ ነበር። የመጀመሪያ ረጅም ልቦለዳቸው ነው። ጡረታ የወጣችሁ መምህራን፣ እናንተን ነው የማወራው። በደብዳቤና በማስታወሻ ደብተር የቀረ ስንት ታሪክ አላችሁ!

ፊደል ያልቆጠሩ ገጣሚዎቻችንንም አንርሳ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ሙሾ የሚያወርዱ እናቶች አሉ። ሟቹን፣ ሙያውን፣ ያስቀራቸውን ልጆች በሁለት ስንኝ አስገብተው ሰውን ሁሉ ያስለቅሳሉ። ይህን ችሎታ የትኛውም ክፍል ውስጥ አላስተማርነውም። እነዚህን እናቶች ወደ ጠረጴዛችን እንጥራቸው፤ በእንግድነት ሳይሆን በአስተማሪነት። ተማሪዎች ይጻፉላቸው። ሲጻፍ ግን ፈቃዳቸው ይጠየቅ፣ ስማቸው ከግጥሙ ሥር ይቀመጥ። «ሕዝባዊ ግጥም» እያልን የሰው ላብ ባለቤት አልባ ስናደርግ ኖረናል።

ስለ ባለቤትነት ካነሣሁ አይቀር፣ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት ሳለ፣ ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ለሥራው ጥበቃ ይሰጣል። ወጣቶቻችን ግጥማቸው ያለ ስማቸው ሲዞር ሲያዩ «ምን ይደረጋል» ብለው ይተዉታል። ይህን የሚያስረዳ የሕግ ባለሙያ በአንዱ ወርክሾፕ ላይ እንጋብዛለን።

የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነገር በሪፖርቱ ስላለ አልፈዋለሁ። መምህራኑን ግን ላመሰግን። ከደመወዝ ሰዓታቸው ውጪ፣ በራሳቸው እስክርቢቶና ወረቀት ነው የሚያርሙት።

ለሻይ ስንወጣ በር ላይ ሁለት መዝገብ ታገኛላችሁ። ጽሑፍ ያላችሁ በመጀመሪያው ተመዝገቡ፤ ጽሑፉ ከ2 ገጽ አይብለጥ፣ በእጅ የተጻፈም እንቀበላለን። ሁለተኛው መዝገብ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ለማንበብ ቃል ለሚገቡ ነው። የእኔን ስም እዚያ ላይ ከአሁኑ አስፍሬዋለሁ። ነባር ጸሐፊዎቻችን፣ ይህ ሁለተኛው መዝገብ ሞልቶ ማየት እፈልጋለሁ።

ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን እየገለጽሁ ጸሐፊያችን ሪፖርታቸውን እንዲያሰሙን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።