ጫማ ሰፊው በ10 ዓመት ውስጥ 14 ዓመት አረጀ?

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከለንደን ነው የምደውለው። ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። የልጆቼን የዘር ሐረግ እየፈለግኩ ነው። በአባታቸው በኩል በቪክቶሪያ ዘመን የኖረ ጫማ ሰፊ አለ። በ1851 የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜው 44 ነው። በ1841 ግን 30 ይላል። ሌላ ሰው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ተስፋ አይቁረጡ። በ1841 ቆጣሪዎቹ ከ15 ዓመት በላይ የሆነን ሰው ዕድሜ ወደ ታች፣ ወደ ቅርቡ አምስት እንዲያወርዱት ታዘው ነበር። የ34 ዓመት ሰው 30 ተብሎ ይጻፋል። የእርስዎ ሰው ልክ ይገጥማል ማለት ነው።

ይሄ ብቻውን ግን አይበቃም። የ1841 መዝገብ ዝምድና አይጽፍም። አብራው ያለችው ሚስቱ ትሁን እህቱ አያሳይም። ስለዚህ ሰውየውን ትተው ልጆቹን ይከተሉ። እኔ ሁሌም የምጀምረው ከእነሱ ነው። ከ1851 ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የተወለደበት አጥቢያ ይጻፋል። የመጀመሪያው ልጅ ኖርዝሃምፕተን፣ ሁለተኛው ሉተን፣ ሦስተኛው ለንደን ቢወለዱ፣ አባትየው ሥራ ፍለጋ የሄደበትን መንገድ አገኙት ማለት ነው። ከዚያ የአንዱን ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ያስወጡ። የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው በሐምሌ 1837 ነው። ወረቀቱ ላይ እናትየው ከማግባቷ በፊት የነበራት የአባት ቤት ስም አለ። በዚያ ስም ጋብቻቸውን ይፈልጉ። የጋብቻው ወረቀት ደግሞ የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ይነግርዎታል። ጫማ ሰፊነቱ ከአባት የወረደ መሆኑን የሚያዩት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በ1861 መዝገብ የ9 ዓመት ልጅ «ሰን ኢን ሎው» ተብሏል። የ9 ዓመት አማች አለ እንዴ?

መልስ፦ የለም። በዚያ ዘመን ቃሉ ለእንጀራ ልጅም ያገለግል ነበር። እናቱ ሌላ ባል ኖሯት ሊሆን ይችላል። የልጁን የአባት ስም ልብ ይበሉ። ከቤቱ ጌታ ስም ከተለየ፣ በዚያ ስም የእናቱን የቀድሞ ጋብቻ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ በነፃ የት ልጀምር?

መልስ፦ የ1881ን ቆጠራ ዝርዝር «ፋሚሊ ሰርች» በተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ያገኙታል። ግን በኋላ የተገለበጠውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ። የዋናውን ገጽ ፎቶ አስከፍቶም ቢሆን ይዩት። የእጅ ጽሑፉ አስቸጋሪ ስለሆነ ገልባጮች ስም ይሳሳታሉ። ፎቶውን ሲከፍቱ ጎረቤቶቹንም ያንብቡ። አማቶቹ ሁለት በር አልፈው ሊኖሩ ይችላሉ።