ሠላሳ ሌሊት በእንጨት ላይ፦ በሮንጎሮንጎ ውስጥ የጨረቃ ቍጥር እንዴት ይፈለጋል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

በየወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት ተቀምጧል። አራት መስመር ምልክት ተቀድቶበታል፤ ዓሣ፣ ሰው መሳይ ቅርጽ፣ ብዙ ማጭድ። ለጊዜው ተዉት፣ በኋላ አብረን እንቆጥረዋለን።

ምልክቶቹ ሮንጎሮንጎ የሚባለው ጽሕፈት ናቸው፤ የተቀዱትም ማማሪ ከምትባል የእንጨት ሰሌዳ ነው። ጽላት ልላት እችል ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ጽላት ሲባል ሐሳብ ወዲያው መቅደስ ይገባል፣ ስለዚህ ሰሌዳ ትሁን። ርዝመቷ 29 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዷ 19.5፣ ውፍረቷ 2.5 ነው። በፊትና በጀርባዋ 14፣ 14 መስመር አለ፤ በድምሩ ወደ 1,000 ምልክት። የመጣችው ከራፓ ኑይ ነው፤ ብዙዎቻችሁ የፋሲካ ደሴት በሚለው ስሟ ታውቋታላችሁ፣ ከቺሊ ጠረፍ በስተምዕራብ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀች ደሴት። ሰሌዳዋ የምትገኘው ግን ሮም ነው፤ የኢየሱስና የማርያም ቅዱሳን ልቦች ማኅበር ንብረት ናት። በደሴቲቱ ላይ ከእነዚህ ሰሌዳዎች አንድም አልቀረም፤ በዓለም ያሉትም ሁለት ደርዘን ያህል ብቻ ናቸው።

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ። በ1862 እና በ1863 ከፔሩ የመጡ ባሪያ ፈንጋዮች የደሴቲቱን ሰው አፍሰው ወሰዱ፤ ከተመለሱት ጥቂቶች ጋር ፈንጣጣ ገባ። ጽሕፈቱን ያየ የውጭ ሰው መጀመሪያ በጽሑፍ ያሳወቀው በ1864 ነው፤ ኤዠን ኤይሮ የተባለ ሚሲዮናዊ። አንባቢዎቹ ያለቁት ጽሕፈቱ ለዓለም በታወቀበት ሰሞን ነው ማለት ነው። ታሂቲ የነበሩት ጳጳስ ቴፓኖ ዦሳን ሜቶሮ የሚባል የደሴቲቱን ተወላጅ አግኝተው ሰሌዳዎቹን አስነብበውታል፤ እሱ ግን በአመዛኙ ያየውን ሥዕል እየጠራ ያዜም ነበር፤ «ወፍ»፣ «ሰው»፣ «ጨረቃ»። ያ ንባብ አይባልም።

እንግዲህ ማንም ሊያነበው የማይችለው ጽሕፈት ነው። ሆኖም ከማማሪ ፊት ገጽ ከ6ኛው እስከ 9ኛው መስመር ያለው ክፍል ምን ሥራ እንደሚሠራ ይታወቃል፦ የጨረቃ ወር ሌሊቶችን ይዘረዝራል። ይህን መጀመሪያ ያሳየው ጀርመናዊው ቶማስ ባርቴል በ1958 ነው፤ በ1990 ዣክ ጊ የተባለ የቋንቋ ሊቅ አጥብቆ መረመረው። ከሮንጎሮንጎ ሁሉ አገልግሎቱ ተቀባይነት ያገኘ ክፍል ይህ ብቻ ነው። አንድም ቃሉ ሳይነበብ አገልግሎቱ እንዴት ታወቀ? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ ነው፤ ምክንያቱም «በሮንጎሮንጎ ውስጥ ኮከብ አገኘሁ፣ ግርዶሽ አነበብኩ» የሚል ሁሉ በዚሁ ወንፊት ማለፍ ይገባዋል።

መጀመሪያ አቅጣጫው። ሮንጎሮንጎ የሚጀምረው ከታች ከግራ ጥግ ነው። ጥማድ በሬ ትልሙ ጫፍ ደርሶ እንደሚዞር ሁሉ ጽሕፈቱም ይዞራል፤ ልዩነቱ እዚህ ሰሌዳው ራሱ ይገለበጣል። አንዱን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ጨርሳችሁ ሰሌዳውን በ180 ዲግሪ ታዞሩታላችሁ፣ ቀጣዩንም እንደገና ከግራ ወደ ቀኝ ትከተላላችሁ። ሰሌዳው ሳይዞር ፎቶው ላይ ብታዩት በየሁለተኛው መስመር ምልክቱ ሁሉ በጭንቅላቱ ቆሟል። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ወዲያው እንደምታዩት ግን አንዱ ዋና ማስረጃ የዓሣው ጭንቅላት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሆኑ ነው። መስመሩን ሳያዞር የቆጠረ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ይገለብጠዋል።

ሁለተኛው፣ የሚደጋገመውን መለየት። በእነዚህ መስመሮች ውስጥ አራት ምልክቶች ያሉት አንድ ተርታ እየተመላለሰ ይመጣል፤ መጨረሻው በገመድ የተንጠለጠለ ዓሣ ነው። ይህን ተርታ «አብሳሪ» ልበለው። ስምንት ጊዜ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓሣው ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጓል፣ በኋለኞቹ አራት ወደ ታች። በሁለቱ መካከል ከሌሎቹ የተለየ አንድ ምልክት አለ፤ ከደሴቲቱ አፈ ታሪክ ጋር የሚያያዝ፣ በሰማይ ላይ የምድር ምድጃዋን የምታነድ አሮጊት። ጨረቃ ላይ የምትታየው ሰው እሷ ናት። እንግዲህ ዓሣው እስከ ሙሉ ጨረቃ ሽቅብ፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ቍልቍል ነው፤ መሙላትና መጉደል።

ሦስተኛው ቆጠራው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በአብሳሪዎቹ መካከል ማጭዶች፣ ማለትም ማጭድ የሚመስሉ የጨረቃ ምልክቶች ተደርድረዋል፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ የዞሩ፤ 29 ናቸው። ከአሮጊቷ ጋር 30። ነገር ግን በእያንዳንዱ አብሳሪ ውስጥም ሁለት ሁለት ማጭድ አለ፤ እነዚህ በተቃራኒው የዞሩ ናቸው። ስምንት ጊዜ ሁለት 16 ይሆናል። ማጭዱን ሁሉ ያለ ልዩነት የደመረ ሰው ከ45 በላይ ያገኛል፣ ከዚያም ያንን ቍጥር የሚያስረዳ ኮከብ ፍለጋ ይወጣል። የምትቆጥሩትን ከመቁጠራችሁ በፊት ወስኑ፤ ቍጥሩ ከወጣ በኋላ «ይሄኛው አይቆጠርም» ማለት አይቻልም።

ስለ ማጭዱ አቅጣጫም አንድ ነገር ልጨምር። ራፓ ኑይ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 27 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ የምትሞላ ጨረቃ ብርሃኗ በግራ በኩል ይታያል፤ ለአውሮፓ ሰው በቀኝ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ጀልባ ተጋድማ ነው የምትታየው። ስለዚህ «ይህ ማጭድ የምትጎድል ጨረቃ ናት» ብሎ በአውሮፓ ሰማይ የፈረደ ሰው ገና ከመነሻው ስቷል። በማማሪ ላይ ደግሞ የሌሊቱ ማጭድ ከሙሉ ጨረቃ በፊትም በኋላም አቅጣጫውን አይቀይርም። ሰማዩን የሚቀዳ ሥዕል ሳይሆን ምልክት ነው።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ከሰሌዳው ውጭ የሆነ ምስክር። አሜሪካዊው ዊሊያም ቶምሰን በ1886፣ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ሜትሮ በ1930ዎቹ የሌሊቶቹን ስም ከደሴቲቱ ሰዎች አፍ መዝግበዋል፤ ሁለቱም ሰሌዳውን ማንበብ አይችሉም ነበር። ስሞቹ በቅደም ተከተል አታ፣ አሪ፣ ከዚያ ስድስት ኮኮሬ፦ ኮኮሬ ታሂ፣ ኮኮሬ ሩዋ፣ ኮኮሬ ቶሩ እያለ እስከ ኦኖ ድረስ፤ ይኸውም ኮኮሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማለት ነው። ከዚያ ማሃሩ፣ ሁዋ፣ አቱዋ፣ ማኡሬ፣ ኢናኢራ፣ ራካኡ፣ 15ኛዋ ኦሞቶሂ፣ ሙሉ ጨረቃ። ከሷ በኋላ እንደገና ኮኮሬ፣ አሁን አምስት ብቻ። ከዚያ እስከ 28ኛዋ ቲሬኦ ድረስ እያንዳንዷ የራሷ ስም አላት። በተጨማሪ ሆቱ እና ሂሮ የሚባሉ ሁለት ሌሊቶች አሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱ የሚገቡ።

አሁን ሰሌዳው ላይ ተመለሱ። ከማጭዶቹ ሰባቱ አጠገባቸው ሌላ ምልክት አለ። ምንም አጃቢ የሌላቸው ሁለት ተከታታይ ረድፎች ደግሞ አሉ፤ አንዱ ስድስት፣ አንዱ አምስት። የራሳቸው ስም የሌላቸው፣ በቍጥር ብቻ የሚጠሩት ሌሊቶች ስድስትና አምስት ነበሩ። ቦታቸውም ገጠመ። በመጨረሻም ሰፋ ባለ አብሳሪ የተለዩ ሁለት ማጭዶች አሉ፤ ሆቱና ሂሮ፣ በመጠባበቂያ የተቀመጡት። «30 ቍጥር ወጣ» ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ 6 እና 5 በቦታቸው መውደቃቸው ነው ክርክሩን የዘጋው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፦ በዚህ ክፍል ውስጥ ቍጥርን የሚወክል ምልክት የለም። ስድስት ሌሊት የተጻፈው ማጭዱን ስድስት ጊዜ በመደርደር ነው። እንደ ፮ ያለ አሃዝ አልተገኘም። ስለዚህ «ይህ ምልክት 7 ነው» ለሚላችሁ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ የቀን መቍጠሪያው ራሱ ያልተጠቀመበትን አሃዝ ከወዴት አመጣኸው የሚል ይሁን።

ወደ ሰማዩ እንሂድ። ከአንድ የጨረቃ ልደት እስከ ሌላው በአማካይ 29.53 ቀን ነው። መሠረቱ 28 ሌሊት የሆነ ወር እንግዲህ ሁልጊዜ አንድ ጭማሪ ይፈልጋል፤ ከግማሽ በላይ በሆኑት ወራት ሁለት። ሁልጊዜ አንድ ብቻ ብትጨምሩ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ቀን በላይ ትዛነፋላችሁ፤ ኦሞቶሂ ተብላ በተጠራችው ሌሊት ጨረቃዋ ሙሉ አትሆንም። ሁልጊዜ ሁለት ብትጨምሩ በሌላው በኩል አምስት ቀን ተኩል ትስታላችሁ። የእኛ ባሕረ ሐሳብ ይህን በስሌት ፈትቶታል፤ የጨረቃን ወር 30 እና 29 እያፈራረቀ ይሄዳል፣ ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴውን ያገኛል፤ ቀና ብሎ ጨረቃን ማየት አያሻውም። ማማሪ ግን በጊ አተረጓጎም የስሌት ሰንጠረዥ አይደለችም። አይተህ ወስን የምትል ደንብ ናት።

ምን ይታያል? ከሌሊት ማጭዶቹ በመጠን ያነሱ፣ ከፍ ብለው የተቀረጹ ሁለት ትንንሽ ማጭዶች አሉ፤ አንዱ ከሙሉ ጨረቃ በፊት፣ አንዱ በኋላ። የመጀመሪያው ያለው ቶምሰንና ሜትሮ ሆቱን ባስቀመጡበት ቦታ ነው። ጨረቃ ከምድር ስትርቅ ታንሳለች፣ ጉዞዋም ይዘገያል፤ በዘገየች ጊዜ ጭማሪ ሌሊት የማስፈለጉ ዕድል ይሰፋል። ጊ እንዲህ ይላል፦ አብሳሪው «የጨረቃን ስፋት ተመልከት» የሚል ትእዛዝ ነው፣ ትንሿ ማጭድ «አነስ ብላ ካየሃት ሌሊት ጨምር» ነው።

ሐሳቡ ያምራል፤ በዓይን ይቻላል ወይ የሚለው ግን ጥያቄ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ከዓይናችሁ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ስንጥር ብትይዙ፣ ጨረቃ በጣም ስትርቅ የምትሸፍነው 5.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጣም ስትቀርብ 5.8። ልዩነቱ የክብሪት እንጨት ውፍረት ሲሶ ያህል ነው። አድማስ ላይ ስትወጣ ዓይን ያገዝፋታል፣ ነጸብራቋም ያታልላል፤ መለካት የሚገባው ከፍ ካለች በኋላ፣ በአንድ ዓይን፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። የሚያግዝ ነገርም አለ፦ ጨረቃ 14 ጊዜ በምትወለድበት ጊዜ 15 ጊዜ ወደ ምድር ትቀርባለች፣ ስለዚህ በዚያው ሌሊት የሚታየው ስፋት ከወር ወደ ወር የሚለወጠው በቀስታ ነው። ያለፈውን ወር ምልክት ያደረገ ታዛቢ ዕድል ነበረው። በእኔ ሚዛን የሌሊቶቹ ዝርዝር የተረጋገጠ ነው፤ የስፋት ልኬቱ ጥሩ መላምት ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ጭማሪ ሌሊቶቹ የሚገቡበትን የሚናገረው ከዝርዝሩ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ።

ጊ ሌላም ሥራ ሠርቷል፤ ይህ ከሰሌዳው ውጭ ነው። ቶምሰን የመዘገባቸውን ወራት በ1885፣ በ1886 እና በ1887 ከታዩት የጨረቃ ልደቶች ጋር አስተያየ። የቶምሰን ዝርዝር ከ1886 ጋር ገጠመ፤ ደሴቲቱ ጭማሪ ወር እንደነበራት፣ ስሙም ኮቱቲ እንደሆነ ወጣ። ቶምሰን ደሴቲቱን የረገጠው እንዲህ ያለ ወር በሚገባበት ዓመት ነበር ማለት ነው።

ኮከቦቹስ? የራፓ ኑይ ሰው ኮከብ ይመለከት ነበር፤ ማታሪኪ የሚሏቸውን የከዋክብት እጅብ ያውቅ ነበር፣ ኮከብ የሚታይበት ድንጋይ ተብሎ የሚጠራ ስፍራም አለ። ይህ ግን በሰሌዳው ላይ ያለው ጨረር መሳይ ምልክት ኮከብ ነው አያሰኝም። ፊደላችንን የማያውቅ ሰው ዐን አይቶ «ፀሐይ ናት» ቢል ምን ትሉታላችሁ?

የቍጥሩም ወጥመድ ያው ነው። 5 ሲወጣ ፕላኔት፣ 7 ሲወጣ ሳምንት፣ 12 ወይም 13 ሲወጣ ወር፣ 19 ሲወጣ ጨረቃና ፀሐይ የሚገጥሙበት የዓመታት ዑደት፣ ከ27 እስከ 30 ሲወጣ ጨረቃ። ከ5 እስከ 30 ካሉት ቍጥሮች ከግማሽ በላይ በሆኑት፣ እንዳሉ ብትወስዷቸው ወይም አንድ ብትጨምሩ ወይም ብትቀንሱ፣ አንዱ ዘንድ ትደርሳላችሁ። ሰባት ቀን ያለው ሳምንት ደግሞ ሚሲዮናውያን ከመምጣታቸው በፊት በፖሊኔዥያ አልነበረም።

አሁን ወረቀቱን አንሡ፤ መስመሮቹ በየራሳቸው አቅጣጫ ተስተካክለዋል፣ ማዞር አያስፈልጋችሁም። መጀመሪያ ስምንቱን ዓሣዎች በቀይ አክብቡ። አብሳሪዎቹ ውስጥ ያሉትን ማጭዶች ሰርዙ፣ ትንንሾቹን ሁለት ለብቻ ምልክት አድርጉባቸው። የቀሩትን ቍጠሩና 29 ያልመጣለት እጁን ያውጣ፤ ከ7ኛው ወደ 8ኛው መስመር በሚሻገሩት አምስቱ ላይ ስለሚሳሳቱ ሰዎች ከዚያ እንጀምራለን።