ዕቃውን ያነሣው እጅ ይመዝግበው
(በኮምቦልቻ ለምህንድስና ተማሪዎችና ለፋብሪካ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከፋብሪካዎችና ከደረቅ ወደቡ የመጣችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ የመጋዘን ሠራተኛ ዕቃ ሲያነሣና ሲያስቀምጥ እዚያው ስለሚመዘግብበት የእጅ ኮምፒውተር ነው። እኔ ብዙ ዓመት በአንድ የተሽከርካሪ መገጣጠሚያ ፋብሪካ መጋዘን ሠርቻለሁ። ዕቃ ሞዴል 19 በተባለው ቅጽ ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ እናደርግ ነበር፤ በየመደርደሪያው ላይም ያለውን የዕቃ ብዛት የምንጽፍበት ቢን ካርድ ተንጠልጥሏል። ሥርዓቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ዕቃው ጠዋት ይንቀሳቀሳል፣ መዝገቡ ማታ ይከተለዋል።

አንድ ቀን የፊት መብራት ማሰሪያ ብሎን ጠፋና የመገጣጠሚያው መስመር ቆመ። ካርዱ ሁለት ሳጥን አለ ይላል፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። አለቆች ወረዱ፣ ፍለጋው እየተጋጋለ ሄደ። በመጨረሻ ሳጥኖቹ ከበር ሽፋኖች ጀርባ ተገኙ። የሌሊት ተረኛው ለፎርክሊፍት መንገድ ለመክፈት አዛውሯቸው፣ አዲሱን ቦታ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ፣ ቁራጩን በኪሱ እንደያዘ ቤቱ ገብቷል። ያን ልጅ ሲቆጡት ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል። ሁለት እጁ ሳጥን ይዞ፣ መዝገቡ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎ፣ ምን ያድርግ?

አንድ መኪና እስከ ትንሿ ብሎን ሲቆጠር ወደ 30,000 የሚጠጋ ክፍል አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ሁሉ ቆመው ይጠብቁታል። ጃፓኖች ይህን ጣጣ ቀድመው አይተውታል። ዛሬ ሻይ ቤት ሒሳብ ለመክፈል በስልካችሁ የምታነሡት ባለ አራት ማዕዘን ምልክት፣ ኪውአር ኮድ፣ የተወለደው በመኪና ዕቃ ምክንያት ነው። ዴንሶ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ሠራተኞች በየሳጥኑ ላይ የተለጠፉትን ብዙ ባርኮዶች አንድ በአንድ ማንበብ ሰልችቷቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የኩባንያው መሐንዲሶች ሁሉንም በአንድ ምልክት የሚይዘውን ሠሩ። እስከ 30 በመቶው በዘይት ቢቆሽሽ ወይም ቢቀደድ እንኳ ሊነበብ እንዲችል አድርገው ነው የነደፉት።

ምልክቱን የሚያነበው መሣሪያ ግን የመጋዘኑን ኑሮ የሚችል መሆን አለበት። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ተራ ስልክ ሲታደል አይቻለሁ፤ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ጓንት ያጠለቀ ጣት አይታዘዝም። የእኛን መንገድ አስቡት፦ ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ እዚህ የሚደርሰው ኮንቴይነር የቆላውን አቧራና ሙቀት ይዞ ነው የሚከፈተው። ለዚህ ዓይነት ሥራ የተሠራው ጠንካራ የእጅ ኮምፒውተር አይፒ67 የሚል ደረጃ ካለው፣ ስድስቱ አቧራ አያስገባም ማለት ነው፤ ሰባቱ ደግሞ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ ይችላል ማለት ነው። ስትገዙ ይህን ቁጥር ጠይቁ። ኔትወርክ ሲቋረጥ መረጃውን በራሱ ይዞ የሚቆይ መሆኑንም ጠይቁ፤ ለእኛ ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሠራተኛው ሳጥኑን ሲያነሣ ምልክቱን ያነባል፣ ሲያስቀምጥ የመደርደሪያውን ምልክት ያነባል። በቃ፣ ተመዘገበ። በመስመሩ ላይ ደግሞ የተሽከርካሪውን ባለ 17 ፊደልና አኃዝ መለያ አንብቦ የዕቃውን ምልክት ያነባል፤ የግራ መስተዋት በቀኙ ፋንታ ከመጣ መሣሪያው ይጮኻል። የዚያ መለያ ደንብ ራሱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉትን የላቲን ፊደላት አይቀበልም፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ። ዓይን እንደሚሳሳት ደንቡን ያወጡትም ያውቁታል። ይህ መዝገብ ተጠብቆ ከቆየ፣ የአንድ ጭነት ፍሬን ጉድለት ቢገኝበት የትኞቹ መኪናዎች ላይ እንደተገጠመ በደቂቃ ይታወቃል። በዚያ መኪና ውስጥ የሰው ልጆች ይሳፈራሉ።

ከእናንተ ከተማሪዎቹ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እስካሁን ያየኋቸው መሣሪያዎች መልእክታቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሌሊት ተረኛው ቀይ መብራት ያያል እንጂ ምን እንደተሳሳተ አይገባውም። «ይህ የግራ ነው፣ የቀኙን አምጣ» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ሠርታችሁ አሳዩን።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ጥንድ ጓንትና ሦስት ሳጥኖች አሉ። ከሦስቱ አንዱ የተሳሳተ ምልክት ተለጥፎበታል። ጓንቱን አጥልቁና ፈልጉት፤ መሣሪያው ከእጃችሁ ቢወድቅ አትደንግጡ፣ አንሥታችሁ ቀጥሉ። አመሰግናለሁ።