ስፓኒሽን በአማርኛችን በኩል

የተከበራችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ?

ሳምንቱን ሙሉ ቆማችሁ ስትሠሩ ሰንብታችሁ፣ ቅዳሜ ማታ ለቋንቋ ትምህርት መምጣታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህችን ምስጋና ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እንደምታውቁት በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ከውጭ ከመጣው ሕዝብ ሁሉ የሚበዙት ሳልቫዶራውያን ናቸው። በአገራቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980 እስከ 1992 የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። እነሱ ከዚያ እሳት ሸሽተው ሲመጡ፣ የእኛም ሰዎች ደርግን ሸሽተው በሱዳን በኩል በዚያው ዘመን ይገቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ምድጃ ዙሪያ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አብረን እንውላለን። የምንነጋገረው ግን የእነሱም የእኛም ባልሆነ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነው። ይህ ነገር ዘወትር ያሳዝነኛል።

እኔም ስፓኒሽን የጀመርኩት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። አማርኛዬን ወደ እንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውን ወደ ስፓኒሽ እገለብጣለሁ፤ ሁለት ወንዝ ተሻግሬ ስደርስ ወሬው አልቆ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ብርጭቆ ከእጄ አመለጠና ተሰበረ። «ሮምፒ ኤል ባሶ» አልኩ፤ ብርጭቆውን ሰበርኩት ማለት ነው። አጠገቤ ሽንኩርት ትከትፍ የነበረች በዕድሜ የምትበልጠኝ የሳልቫዶር ሴት ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። «ለምን ሰበርሽው? ምን አናደደሽ?» አለችኝ። ከዚያ ስብርባሪውን አብራኝ እየለቀመች ቀስ ብላ አረመችኝ፦ «ሴ ሜ ሮምፒዮ ኤል ባሶ።»

ትርጉሙን ስፈታው እጄ ቀጥ አለ። ተሰበረብኝ! ብርጭቆው ተሰበረብኝ። ያቺ እናቴ ቤት ሰሐን በወደቀ ቁጥር የምላት «ብኝ»፣ ባሕር ማዶ ተሻግራ «ሜ» ሆና ቆማለች። ቁልፍ ሲጠፋ «ሴ ሜ ፔርዲዮ ላ ያቤ»፣ ቁልፉ ጠፋብኝ። ነገር ሲረሳ «ሴ ሜ ኦልቢዶ»፣ ተረሳኝ። ራስ ሲያም ደግሞ «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ»፣ ራሴን ያመኛል። ያን ቀን መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስፓኒሽ በሰማሁ ቁጥር «ይህን እኛ ምን እንለዋለን?» ብዬ አማርኛዬን እጠይቅ ጀመር።

ለእናንተም ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ነጠላ ቃል አትሸምድዱ። ሰው ማለዳ ሲገናኝ፣ ሲበላ፣ ሲያመሰግን፣ ሲለያይ የሚለውን ሙሉ አባባል ያዙ፤ ከዚያ የእኛን አባባል አጠገቡ አስቀምጡ።

ማለዳን እንውሰድ። መጽሐፉ «ብዌኖስ ዲያስ» ይላችኋል፤ መልካም ቀን እንደ ማለት ነው፤ ትክክል ነው። ሳልቫዶራውያኑ ግን ሲያከብሩና ሲቀርቡ «ኮሞ አማኔሲዮ?» ይላሉ። «አማኔሴር» መንጋት ነው፤ እንዴት ነጋልዎ፣ ሌሊቱ እንዴት ነበር ማለታቸው ነው። ይህ የእኛው «እንዴት አደሩ?» አይደለምን? እንግሊዝኛ ይህ የለውም፤ ማለዳ ላይ የሰውን ሌሊት የሚጠይቅ ሰላምታ አላገኘሁበትም። እኔ ይህን የተናገርኩ ዕለት ዕቃ አጣቢው ሽማግሌ ውኃውን ዘግተው ዞሩ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ልጃቸው፣ እንቅልፍ ስላጡበት ሌሊት ነገሩኝ። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተን ያን ያህል ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

እኚህን ሰው «ዶን» ብዬ ነው የምጠራቸው። «ዶን» እና «ዶኛ» ከአባት ስም ሳይሆን ከራስ ስም በፊት የሚገቡ ናቸው፤ ልክ እንደ ጋሼና እትዬ። እርስዎ ለማለት «ኡስቴድ» ይባላል። መጽሐፋችሁ ለአንተና ለአንቺ «ቱ» ያስተምራችኋል፤ ሳልቫዶራውያን ግን ለቅርብ ሰው «ቦስ» ነው የሚሉት። ግራ እንዳይገባችሁ። አንተና አንቱን ለይቶ ላደገ ሰው የቀረው ቀላል ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው እናንተ ስታልፉ ሲያያችሁ «ጉስታ?» ይላል። ልብላልህ ወይ ብሎ ፈቃድ መጠየቁ አይደለም። እንብላ ማለቱ ነው! እናንተም እንደ እኛው «ግራሲያስ» ብላችሁ አመስግኑና «ብዌን ፕሮቤቾ» በሉ፤ ይስማማችሁ እንደ ማለት ነው። ዝም ብሎ ማለፍ እዚያም እንደ እዚህ ያስከፋል።

አሁን ወደ ምስጋናዋ ልመለስ። «ግራሲያስ» ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ሰው ከልቡ ውለታ ሲውልላችሁ ግን «ዲዮስ ሴ ሎ ፓጌ» በሉት። እግዚአብሔር ይክፈልዎ ማለት ነው፤ እኔ መክፈል አልችልምና እሱ ይስጥልኝ። ነገ እንገናኝ ሲባል ደግሞ ሳልቫዶራውያን «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ይላሉ፤ እግዚአብሔር ካለ። ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ «ኦኻላ»ን ልብ በሉ። እንዲያው ቢሆን ብሎ መመኛ ቃል ነው፤ ምንጩ አላህ ቢሻ የሚል የዐረብኛ አነጋገር ነው። ሙስሊሞች ከ711 እስከ 1492 ድረስ በስፔን ምድር ይገዙ ነበርና ዐረብኛ ብዙ ቃል አውርሷል። ዘይት «አሴይቴ»፣ ስኳር «አሱካር»፣ ሩዝ «አሮስ» ነው። የሻይ ስኒው «ታሳ» እንኳ ከጣሳችን ጋር ዘመድ ነው። እነዚህን ለመያዝ ደብተር አያስፈልጋችሁም።

ስለ ድምፁ ብዙ አልደክምም፤ ፊደላችን ሸክሙን ይዞላችኋል። ፈረንጅ የሚንገዳገድበት «ኒኞ» ለእኛ ኘ ነው፤ «ሚኾ»፣ ማለትም ልጄ፣ በኸ ይጻፋል። «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ውሻ ነው። በራ ሲላላ የራስ በራ፣ ሲጠብቅ መብራቱ በራ እንደምንለው።

አማርኛችን የሚያሳስትበትም ቦታ አለ፤ ይህንም ሳልነግራችሁ ብሄድ በደል ነው። ሰው ሲጠራን «መጣሁ!» እንላለን። በስፓኒሽ ወደ ጠራችሁ ሰው ስትሄዱ «ያ ቦይ» ነው የሚባለው፤ ሄድኩ እንደ ማለት። «ቤንጎ»፣ እመጣለሁ፣ ካላችሁ ያደናግራል። ግን ከቤት ስትወጡ «አሁን መጣሁ» የምትሉትን «አኦሪታ ቤንጎ» ብትሉት ልክ ነው። «አኦሪታ» አሁን ማለት ቢሆንም፣ አሁኑኑም፣ ከሰዓት በኋላም ሊሆን ይችላል፤ እንደ እኛው አሁን። ዕቃዎችም ሁሉ ጾታ አላቸው፤ ጠረጴዛ ሴት ናት፣ ብርጭቆ ወንድ ነው፤ ይህን ከመለማመድ በቀር አቋራጭ አላገኘሁለትም። ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነም ቃሉ ከአገር አገር ይለያያል። «ጓጓ» በኩባ አውቶቡስ ሲሆን በቺሊ ሕፃን ልጅ ነው። ስለዚህ አብራችሁ የምትሠሩትን ሰው ቋንቋ አስቀድሙ፤ የሌላው አገር ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ወንበራችሁ ላይ አንድ አንድ ባዶ ወረቀትና እርሳስ አለ። ዛሬ ማለዳ ከአልጋችሁ ከተነሣችሁ ጀምሮ እዚህ እስክትደርሱ ድረስ ለሰው ያላችሁትን በአማርኛ ጻፉልኝ፤ እንዳላችሁት፣ ሳታሳምሩ። «ልጄ ተነሽ፣ ረፈደብሽ»፣ «ቁልፉን የት ጣልሽው?»፣ «ቡና ጠጡ እንጂ»፣ ምንም ይሁን። በሚቀጥለው ቅዳሜ የምንማረው እሱን ነው። እርሳስ ያልደረሰው እጁን ያውጣ።