እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ሬዲዮ ላይ ግን…

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከሌሊት ፈረቃ መውጣቴ ነው፤ ድምፄ ሻከር ካለባችሁ ይቅርታ። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምቀዳው፣ ቡናዬም እዚህ አለች።

የምሠራው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ የ911፣ ማለትም የአደጋ ጊዜ ስልክ ጥሪ የሚገባበት ማዕከል ነው። ከእሳት አደጋ መኪኖቹ ጋር በሬዲዮ የምነጋገረው እኔ ነኝ። ጆሮዬ ላይ ሄድሴት፣ እግሬ ሥር ፔዳል። ስረግጠው እናገራለሁ፣ ስለቀው እሰማለሁ። ሲያዩት ቀላል ነው።

ልምምድ ላይ እያለሁ አንድ ሌሊት አፓርታማ ተቃጠለ። ሦስት መኪኖችን ወደ ሌላ ቻናል እንዲዞሩ ነገርኳቸው። ሁለቱ አንድ ላይ መለሱ። ሬዲዮ ላይ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፣ ጭርርር። እኔ ያንን «እሺ» ብለው ነው ብዬ ወሰድኩትና ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቶ የቦታው አዛዥ አንዱን ቡድን ጠራ። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ሰዎቹ ጭስ ውስጥ ናቸው። አሠልጣኜ ምንም ሳትለኝ እጇን በላዬ አሳልፋ በድሮው ቻናል ጠራቻቸው። ወዲያው መለሱ። ለካ አልዞሩም! ማንም አልተጎዳም። እሷ ግን ሲበርድ ጠጋ ብላ «መለሱልሽ ወይስ የመለሱ መሰለሽ?» አለችኝ። ያን ሌሊት ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባልን ነው ያደግነው። ሬዲዮ ላይ እሺ ምንም አታወጣም። የሰማኸውን ትደግማለህ፣ እኔም ስትደግም እሰማለሁ። በቃ።

እዚህ አካባቢ ነገሩ የቆየ ቁስል አለው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13፣ 1982 በረዶ እየጣለ አንድ የኤር ፍሎሪዳ አውሮፕላን የ14ኛ ጎዳናን ድልድይ መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። 78 ሰው ሞተ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ የሜትሮ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ፣ ሦስት ሰው ሞተ። የዲሲም፣ የቨርጂኒያም ሠራተኛ ደረሰ። ግን የአንዱ ሬዲዮ ከሌላው ሬዲዮ ጋር አይነጋገርም። ወንዙ ዳርና ዳር ቆመው ይተያያሉ፣ አይደማመጡም።

ከዚያ በኋላ ነው አካባቢው አብሮ መሥራትን በቁም ነገር የያዘው። ሴፕቴምበር 11፣ 2001 ፔንታጎን ሲመታ የአካባቢው የአርሊንግተን እሳት አደጋ አዛዥ ሆኖ ጎረቤቶቹ ሥሩ ገቡ። እዚያም ሬዲዮው አላስቸገረም ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ ግን አስቀድመው ይተዋወቁ ነበር። በዚያው ቀን ኒውዮርክ ላይ ከመንትዮቹ ሕንፃዎች የሰሜኑ ሊወድቅ መሆኑን የፖሊስ ሄሊኮፕተሮች ከላይ እያዩ ነበር። የፖሊሱ ሬዲዮ ሌላ፣ የእሳት አደጋው ሌላ። የደቡቡ ሕንፃ 9:59 ወደቀ፣ የሰሜኑ 10:28። በመካከሉ 29 ደቂቃ አለ። ሰሜኑ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ የጎረቤቱን መውደቅ አላወቁም። በዚያ ቀን 343 የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ይህንን ቁጥር በተናገርኩ ቁጥር ፔዳሉ እግሬ ሥር ይከብደኛል።

ዛሬ ዕቃው ተሻሽሏል። እኔ የምወደው ግን ዕቃውን ሳይሆን ቁጥሩን ነው። እኛ ጋ የመኪናው ቁጥር አገሩን ይናገራል፦ በ100 የሚጀምር አርሊንግተን፣ በ200 አሌክሳንድሪያ፣ በ400 ፌርፋክስ። አንድ የእሳት አደጋ መኪና «ኢንጅን 109» ሲለኝ ከየት እንደመጣ አልጠይቅም። የድሮዎቹን «ቴን» ኮዶች፣ በአስር የሚጀምሩትን የሬዲዮ ቁጥሮች፣ ደግሞ ባንጠቀም ይሻላል እላለሁ፤ አንዱ ጋ «ደረስኩ» የሆነው ቁጥር ሌላው ጋ ሌላ ነገር ነው። «በሩ ተቆልፏል» በሉኝ፣ ይገባኛል።

ችግሩ አመሉ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መግባቱ ነው። ባለፈው እሑድ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ደወልኩ። «መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ነው የምትውጪው፣ ጠዋትና ማታ» አልኳት።

«እሺ ልጄ።»

«እማዬ፣ ምን አልኩሽ? ድገሚልኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ «አንቺ ልጅ፣ እዚያ አገር የሚያሠሩሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ደገመችልኝ ግን። ለካ «በቀን አንድ ጊዜ» ብላ ነው የሰማችው።